ፓተንት ያልወደደው ሊቅ፦ የጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ የሕይወት ታሪክ

ራዳር ምን እንደ ሆነ ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን ይገኛል ብለን አናስብም። መሣሪያው እጅግ አጭር የሆነ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱም ከመርከብ ወይም ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ተቀብሎ የነገሩን ርቀትና አቅጣጫ ይናገራል። ይሁን እንጂ መላክ ብቻውን አይጠቅምም፤ ደክሞ የተመለሰውን ሞገድ የሚሰማ ጆሮ የግድ ያስፈልጋል። እኛም የዚህን ጆሮ ታሪክ ወደ ኋላ እየተከተልን ስንፈልግ የደረስነው ከአንድ የካልካታ መምህር ዘንድ ነው። ሰውዬው ራዳር አልሠራም፤ ራዳር የመጣው በ1930ዎቹ ነው። ነገር ግን ከዚያ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ዛሬ ማይክሮዌቭ የምንለውን ሞገድ በገዛ እጁ በሠራው ዕቃ አመንጭቷል፤ ተቀብሏልም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በኅዳር ወር 1858 በቤንጋል ምድር ተወለደ። አባቱ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር በሹመት የሚሠራ ሰው ነበረ። በዚያ ዘመን ሹመት ያለው ሕንዳዊ ሁሉ ልጁን የሚሰድደው ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ነው፤ ይህም የክብር ምልክት ነበረ። የቦስ አባት ግን ልጁ ከእንግሊዝኛ በፊት የእናቱን ቋንቋና የገዛ ሕዝቡን ይወቅ ብሎ ከቤንጋልኛ ትምህርት ቤት አስገባው። በዚያም በአንድ በኩል የአባቱ አሽከር የነበረው እስላም ልጅ፥ በሌላው በኩል የዓሣ አጥማጅ ልጅ አጠገቡ ተቀምጠው ተማሩ። ስለ ወፎች፥ ስለ አራዊትና በውኃ ውስጥ ስለሚኖሩት ፍጥረቶች የሰማው ከእነዚህ ባልንጀሮቹ አፍ ነው። ለተፈጥሮ ምርምር የነበረው ፍቅር ከዚያ እንደ ጀመረ ካደገ በኋላ ራሱ መስክሯል። በውጭ ቋንቋ የምንማር ሁላችን ይህን ነገር ቆም ብለን ብናስብበት አይከፋም።

ከዚያ በኋላ በካልካታ በቅዱስ ዛቪየር ኮሌጅ አባ ላፎን ከተባለው ኢየሱሳዊ ካህን ፊዚክስን ተማረ። በ1880 ሕክምና ሊያጠና ወደ ሎንዶን ሄደ፤ ነገር ግን በሽታ አስቸገረው፤ ሬሳ የሚቀደድበት ክፍል ሽታም አባሰበት። ስለዚህ ሕክምናውን ትቶ ወደ ካምብሪጅ ገባና ከታላቁ ሊቅ ከሎርድ ሬይሊ ዘንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ።

በ1885 ወደ አገሩ ተመልሶ በካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሆነ። ጭንቁ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሕንዳዊ መምህር የሚከፈለው አውሮፓዊው ከሚያገኘው ከሦስት እጅ ሁለቱ ብቻ ነበረ። የቦስ ሹመት ደግሞ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ይኸው ደመወዝ በግማሽ ተቀነሰ፤ ስለዚህ የደረሰው አንድ ሦስተኛ ሆነ። ቦስ አልጮኸም፤ ሥራውንም አልተወም። ደመወዙን ግን አልቀበልም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ሩፒ ሳይቀበል በየቀኑ እየገባ አስተማረ። በዚህ መካከል አባቱ በዕዳ ተይዞ ነበረ፤ እርሱም አባላን አግብቶ ቤት አቋቁሞ ነበረ። በመጨረሻ አለቆቹ ተሸነፉ፤ ሙሉ ደመወዙ ካለፈው ጋር ተቈጥሮ ተከፈለው፤ ገንዘቡም የአባቱን ዕዳ ለመክፈል ረዳ። ማንም ሰው አልቀበልም ብሎ አንድ ወር ሊቆይ ይችላል፤ ሦስት ዓመት ግን የተለየ ልብ ይጠይቃል።

በኮሌጁ የምርምር ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። ቦስ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፥ ትምህርት ያልተማረ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ረዳት ይዞ፥ ከገዛ ኪሱ እያወጣ መሥራት ጀመረ። ኸርትዝ የተባለው ጀርመናዊ የኤሌክትሪክ ሞገድ መኖሩን ካረጋገጠ ብዙ ዓመት አልሆነም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ሞገዱን እያስረዘሙ ወደ ሩቅ ለመላክ ሲታገሉ ቦስ ወደ ማሳጠሩ ሄደ። ሞገዱ እንደ ብርሃን የሚታጠፍ፥ የሚንጸባረቅ መሆኑን በጠረጴዛ ላይ ለመመርመር ማጠር ነበረበት፤ እርሱም እስከ 5 ሚሊሜትር ድረስ አወረደው። ይህ በሴኮንድ 60 ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ነው።

ዕቃዎቹን ስናይ መገረማችን አልቀረም። ሞገዱን የሚሰበስበው እንደ መለከት አፉ የሰፋ ቧንቧ ነው፤ ዛሬም በማይክሮዌቭ ሥራ ቀንድ የሚባለው አንቴና ይኸው ነው። ፕሪዝሙን ከድኝ ሠራው። የሞገዱን ንዝረት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለማሳለፍ ደግሞ ጆንያ የሚሠራበትን የጁት ቃጫ ጠምዝዞ ተጠቀመ። ከሁሉም የሚያስቀው የባቡር ጊዜ ማስታወቂያ መጽሐፉ ነው፦ በገጾቹ መካከል ስስ የብረት ወረቀት እያስገባ መጽሐፉን የፊዚክስ መሣሪያ አደረገው። በ1895 በካልካታ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሕዝብ በተሰበሰበበት፥ ሞገዱን በግድግዳና በሰው አካል ውስጥ አሳልፎ በሩቅ ያለ ደወል አስደወለ፤ ባሩድም አስፈነዳ። በ1897 ጥር 29 ቀን በሎንዶን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ይህንኑ ለእንግሊዝ ሊቃውንት አሳየ፤ ሥራውን ሎርድ ኬልቪን ሳይቀር አድንቆታል።

አሁን ወደ ፓተንቱ እንምጣ። ፓተንት ማለት አንድ ሰው የፈጠረውን ነገር ሌላው ያለ ፈቃዱ እንዳይሠራው፥ እንዳይሸጠው መንግሥት የሚሰጠው የባለቤትነት ወረቀት ነው። በግንቦት 1901 ቦስ ዳግመኛ በዚያው አዳራሽ ሊናገር ሲዘጋጅ፥ የአንድ ስመ ጥር የቴሌግራፍ ኩባንያ ባለጸጋ ባለቤት አስቸኳይ ቴሌግራም ላከበት። ቦስ ጊዜ የለኝም ብሎ መለሰ። ሰውዬው ግን የፓተንት ወረቀቱን በእጁ ይዞ ራሱ ከተፍ አለ፤ በዚያ ምሽት ምስጢሩን ሁሉ እንዳይገልጥ ለመነው፤ ወጪውን እኔ ልቻል፥ ትርፉን እኩል እንካፈል አለው። ቦስ እንቢ አለና ያለውን ሁሉ በአደባባይ ተናገረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ለወዳጁ ለባለቅኔው ታጎር በጻፈው ደብዳቤ የገንዘብ ስስት እንዴት እንዳስፈራው፥ አንድ ጊዜ ከዚያ ወጥመድ የገባ እንደማይወጣ አጫውቶታል።

ወዳጆቹ ግን ዝም አላሉም። አየርላንዳዊቷ እኅት ኒቬዲታና አሜሪካዊቷ ወይዘሮ ሳራ ቡል አጥብቀው መከሩት፤ በእነርሱ ግፊት በ1901 መስከረም 30 ቀን ማመልከቻው በአሜሪካን አገር ገባ፤ በ1904 መጋቢት 29 ቀን ቁጥር 755,840 ተብሎ ተፈቀደ። ግማሹ መብት በወይዘሮ ቡል ስም የተመዘገበ ነው። ነገሩ ጋሌና በተባለው የእርሳስ ማዕድን ላይ የተመሠረተ ነው። ሾጣጣ ጫፍ ከማዕድኑ ጋር ሲነካካ፥ ሞገድ ሲያርፍበት የኤሌክትሪክ መተላለፊያነቱ ይለወጣል፤ በዚያ የተያያዘው መለኪያም መርፌው ይንቀሳቀሳል። ለብርሃን ጭምር ይሠራል፤ ስለዚህ ጆሮም ዐይንም ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ሴሚኮንዳክተር በምንለው ነገር ከተሰጡት ፓተንቶች መጀመሪያው ይህ እንደ ሆነ ብዙዎች ይጽፋሉ። ትራንዚስተርን ከፈጠሩት አንዱ ብራተይንም በ1955 ከባልደረባው ጋር በጻፈው ታሪክ የቦስን ቀዳሚነት አምኗል። ቦስ ግን ከፓተንቱ ሀብት አላተረፈም፤ ለማትረፍም አልሞከረም።

ይህ ትክክል ነበረን? በዚህ ላይ እኛ ራሳችን አልተስማማንም። ገሚሶቻችን ዕውቀት የሰው ልጅ ሁሉ ነውና መልካም አደረገ ብለናል። ሌሎቻችን ደግሞ ድኻ አገር የልጆችዋን ፈጠራ በነጻ በትና ሌላው ሲከብርበት ማየት አይገባትም ብለናል። ለዚህ ወገን ምስክር የሚሆን ነገር አለ፦ በ1899 ቦስ ብረትና ሜርኩሪ ያለበት ሞገድ መቀበያ በሮያል ሶሳይቲ ገልጾ ነበር፤ በ1901 ታኅሣሥ ማርኮኒ ከአትላንቲክ ማዶ የተላከውን ምልክት የሰማበት መሣሪያ ከዚህ የመነጨ እንደ ሆነ በ1998 ቦንዶፓድያይ የተባለ ሊቅ ተከራክሮ ጽፏል። ነገር ግን የቦስ አጭር ሞገድ በዚያን ጊዜ ገበያ እንዳልነበረው መዘንጋት የለበትም። አጭር ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የምድርን ክብነት ተሻግሮ አይደርስም። ነጋዴው የፈለገው ደግሞ ውቅያኖስ መሻገር ነበረ። አጭሩ ሞገድ የተፈለገው ከ1940 ወዲህ፥ በበርሚንግሐም ራንዳልና ቡት የ10 ሴንቲሜትር ሞገድ በብርቱ ኃይል የሚያመነጭ ማግኔትሮን በሠሩ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ የራዲዮ አምፑሎች ለፈጣኑ ሞገድ ሰነፉ፤ የራዳር ሠሪዎችም ሾጣጣ ጫፍ ወዳረፈበት ክሪስታል ተመለሱ። ማዕድኑ ሲሊኮን ሆነ እንጂ ዘዴው ከቦስ ወረቀት ጋር አንድ ዘር ነው። ፓተንቱ ግን ዘመኑ በ1921 አልፎ ነበር፤ ቢስገበገብም ኖሮ አይጠቅመውም።

እርሱ ራሱ ከሞገዱ ወደ ዕፀዋት ዞረ። መሣሪያው ሲሠራ ሲውል የሚደክም፥ ሲያርፍ የሚበረታ መስሎት ሕይወት ያለውንና የሌለውን ማወዳደር ጀመረ። የእንግሊዝ የፊዚዮሎጂ ሊቃውንት ክፉኛ ተቃወሙት፤ በ1901 ያቀረበውም ጽሑፍ ሳይታተም ቀረ። አንዳንዱ መደምደሚያው ዛሬም አያሳምነንም፤ የዕፀዋትን እድገት 10,000 ጊዜ አጉልቶ የሚያሳየው ክሬስኮግራፍ ግን ድንቅ ሥራ ነው። በ1917 ሰር ተባለ፤ በ1920 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ።

በ1917 ኅዳር 30 ቀን፥ በልደቱ ቀን፥ በካልካታ የቦስን ኢንስቲትዩት መርቆ ከፈተ። በዚያ ቀን ባደረገው ንግግር ከዚህ ቤት የሚወጣ ግኝት ሁሉ የሕዝብ ንብረት እንደሚሆን፥ ፓተንትም እንደማይወሰድበት አስታወቀ። በ1937 ኅዳር 23 ቀን በጊሪዲህ ሞተ፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ሰባት ቀን ቀርቶት ነበረ። ሚስቱ አባላ እስከ 1951 ኖራለች። የድኙ ፕሪዝምና የጁቱ ቃጫ ሥራም አልተረሳም፦ በ1990ዎቹ በአሪዞና ኪት ፒክ ላይ ለነበረው 12 ሜትር ስፋት ላለው የራዲዮ ቴሌስኮፕ አዲስ ተቀባይ ሲሠራለት፥ መሐንዲሶቹ ከቦስ ጽሑፎች የጥንድ ፕሪዝሙን ዘዴ ወስደው አስገቡበት። ፈቃድ የሚጠይቁት ሰው አልነበረም፤ የሚከፍሉትም ገንዘብ አልነበረም።