የእቴጌ ጥሩወርቅ ሕመምና ኀዘን

በአገራችን በስሜን የጥንት ታሪክ ሲነሳ ቶሎ የሚጠሩት ደጃዝማች ውቤና ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በሁለቱ መካከል ስለነበሩት ሴት ግን ብዙ አንናገርም። በዚህ ዕትም የደጃዝማች ውቤን ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ባለቤት፣ እቴጌ ጥሩወርቅን እናስታውሳለን።

አባታቸው ስሜንንና ትግራይን የገዙ ትልቅ መስፍን ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በደጃች ካሳ ተሸነፉና ታሰሩ። ከድሉ በኋላ ባሉት ቀናት ካሳ፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ለጥሩወርቅ ያ ቀን አባትም ቤትም ማዕረግም አንድ ላይ የሄዱበት ነው።

ንጉሡ የመጀመሪያ ሚስታቸው እቴጌ ተዋበች ከሞቱባቸው በኋላ ጥሩወርቅን አገቡ። እንደሚነገረው ጥሩወርቅ ዳዊት ደጋሚ፣ ጸሎት ወዳድ ነበሩ። አባታቸውን ካሰረ ሰው ጋር ትዳር መመሥረት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ብዙ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም። ልዑል ዓለማየሁ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ተወለደ፤ ትዳሩ ግን አልሰመረም። ንጉሡ ወይዘሮ የተመኙን ወደዱ፣ እቴጌይቱም መቅደላ አምባ ላይ ከልጃቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሡ ራሳቸውን አጠፉ። ባል ያጡት እቴጌ ልጃቸውን ይዘው፣ ደረታቸውን እያመማቸው፣ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ተጓዙ። የስሜን ወገኖቻቸው ዘንድ ለመመለስ አስበው ነበር ይባላል። አልደረሱም። አንድ ወር ያህል ቆይተው በግንቦት፣ በሳንባ በሽታ መንገድ ላይ ዐረፉ፤ አስከሬናቸውም ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ሥላሴ ተቀበረ። የ7 ዓመቱ ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እሱም በሳንባ ሕመም ሞተ።

እቴጌይቱን ኀዘን ገደላቸው ልንል አንደፍርም፤ የገደላቸው የሳንባ በሽታ ነው። ነገር ግን ሕመሙና ኀዘኑ ባንድ ገላ አብረው ኖረዋል። አምባ ላይ ተዘግቶ መኖር፣ ከወገን መራቅ፣ የመከዳት ስሜት፣ ከዚያ ሁሉ በላይ የሚያስል ደረት፤ አንዱ ሌላውን ያከብዳል። ሰውነት ሲደክም ተስፋ ይቀንሳል፤ ተስፋ ሲቀንስ መብላትም መተኛትም ያስቸግራል።

ይህ የእቴጌ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከሊማሊሞ ቁልቁለት እንጨት ተሸክማ የምትወጣ፣ በጭስ ቤት እንጀራ የምትጋግር፣ በ2013 ክረምት ጦርነቱ እስከ ዳባት ሲደርስ ሰው ያጣች ወይም ቤቷን ጥላ የወጣች እኅት በመካከላችን አለች። ስትጠየቅ ራሴን ያመኛል ትላለች፤ ጨጓራዬ ነው ትላለች። ልቤ ከፍቶታል ለማለት ግን ታፍራለች።

በእቴጌይቱ ዘመን ያልነበረ፣ ዛሬ ግን በእጃችን ያለ ነገር አለ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ተስፋ መቁረጥ ደግሞ መድኃኒቱን እንድታቋርጥ ሊያደርጋት ይችላል። ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ቁጥር እንያዝ፦ 2 ሳምንት። ሳል 2 ሳምንት ከሞላው ወደ ጤና ጣቢያ። ኀዘን፣ እንቅልፍ ማጣትና ከሰው መሸሽ 2 ሳምንት ከሞላውም እንዲሁ። ራሷን ማጥፋት የምታስብ ካለች ግን አንድ ቀንም አንጠብቅ።

እናም ቡና ስናፈላ የቀረችውን እንቁጠር። ያልመጣችውን ቤቷ ሄደን እንጠይቅ፣ ካስፈለገም እስከ ጤና ጣቢያው በር አብረናት እንሂድ። እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ወገኖቻቸው ሳይደርሱ ቀሩ፤ የእኛ እኅት ግን ቤቷ ከቤታችን ሩቅ አይደለም።