ሐኪም ወርቅነህና የልጅነት ጠባሳ

ከላስታ በስተደቡብ በሚገኘው የመቅደላ አምባ፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በወደቁ ጊዜ ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገብቶ ወደ ሕንድ ተወሰደ። ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አደገ፤ በላሆርና በስኮትላንድ ሕክምና ተማረ። ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ ሴት አያታቸው በገላቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ለዩዋቸው፤ ወርቅነህ የተባለውን ስማቸውንም መለሱላቸው። በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን ቀዳሚው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ለእርሳቸው ጠባሳ የዘመድ ምስክር ሆነ፤ በልጅ ፊት ላይ ሲቀር ግን የዕድሜ ልክ ሸክም ነው። ስለዚህ የዛሬው ቀዶ ሐኪም ከሕፃን ግንባር ወይም ቅንድብ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ሲያወጣ፣ ሁኔታው ከፈቀደለት፣ ከፀጉር ውስጥ ጥቂት ቀድዶ በኢንዶስኮፕ እየተመለከተ ይሠራል፤ ጠባሳውም በፀጉሩ ተሰውሮ ይቀራል።