የሂልማ ሥዕሎች ላይ የአና እጅም አለበት?

በ1862 እ.ኤ.አ. ስዊድን የተወለደችው ሂልማ አፍ ክሊንት ዛሬ ከአብስትራክት ሥዕል ጀማሪዎች አንዷ ተብላ ነው የምትጠራው። ስቶክሆልም ሥነ ጥበብ አካዳሚ ስትማር ከአና ካሴል ጋር ተዋወቁ፤ በቃ፣ ጓደኛ ሆነው ቀሩ።

በ1896 ከሌሎች 3 ሴቶች ጋር እየተሰበሰቡ፣ ከመናፍስት መልእክት እየጠበቁ አብረው መሳል ጀመሩ። በ1907 ቁመታቸው 3 ሜትር የሚደርስ 10 ግዙፍ ሥዕሎች ተሠሩ። ያኔ ካንዲንስኪ ገና በአብስትራክት አልታወቀም ነበር።

ሂልማ ሥዕሎቿ ከሞተች 20 ዓመት ሳይሞላ እንዳይታዩ ተናዛ በ1944 አረፈች። 2018 ላይ ኒውዮርክ ጉገንሃይም ሙዚየም የተከፈተላትን ኤግዚቢሽን ከ600 ሺህ በላይ ሰው አየው። የተሰየመው ግን በሷ ስም ብቻ ነበር።

ማስታወሻ ደብተሮቹን ያገላበጡ አጥኚዎች አሁን አንዳንዶቹን የሳለችው አና ናት እያሉ ነው። እኛም ሂልማን ስናነሳ አናን ሳንጠራ አናልፍም።