የዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ

ቋራ ተወልደው ካሳ ኃይሉ ይባሉ የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነገሡ። ምኞታቸው የመሣሪያ ጥበብ ነበርና ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን አሠሩ። በ1855 ዓ.ም. ከንግሥት ቪክቶሪያ የደረሳቸው ግን ጽሑፍ የተቀረጸበት ሽጉጥ ነው (ዐረብ ጎረቤቶቻችን ሙሰደስ የሚሉት፤ ቃሉ ከስድስት ቁጥር የወጣ ነው)። ከወታደሮቻቸው ርካሽ፣ በአፈ ሙዙ ከሚጎርስ ነፍጥ ጋር ሲተያይ የነገሥታት ዕቃ ነበር፤ ጠላት ግን አይመልስም። ለደብዳቤያቸው መልስ ቢያጡ ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ እንግሊዞች ዘመቱ። እሮጌ ላይ ከኋላው የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃ ሠራዊታቸውን ፈጀው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትያዝ በዚያው የስጦታ ሽጉጥ ሕይወታቸውን አጠፉ። የእንግሊዝ ወታደሮች አንሥተው ሲያዩት የገዛ ንግሥታቸውን ስም አነበቡበት።