ሮበርት ሞፋትና ቤተ ሰባቸው በኩሩማን

የዴቪድ ሊቪንግስቶንን ስም ያልሰማ ተማሪ ጥቂት ነው። ነገር ግን የሊቪንግስቶን ባለቤት የማን ልጅ እንደ ነበሩና በምን ዓይነት ቤት እንዳደጉ የሚያውቁ ብዙዎች አይደሉም። ስለዚህ የአባታቸውን የሮበርት ሞፋትን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሮበርት ሞፋት በ1795 በስኮትላንድ ኦርሚስተን በምትባል መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ባለጠጎች ስላልነበሩ ገና በ14 ዓመታቸው የአትክልተኝነት ሥራ ለመማር ገቡ። በኋላም በእንግሊዝ አገር በአንድ የችግኝ ቦታ ሲሠሩ የአሠሪያቸውን ልጅ ሜሪ ስሚዝን ወደዱ። የለንደን ሚሲዮን ማኅበር ወደ ደቡብ አፍሪካ እንዲሄዱ በመረጣቸው ጊዜ የሜሪ ወላጆች ልጃቸው ወደዚያ እንዳትሄድ ስለ ከለከሉ፥ ሞፋት ሳያገቡ ተጕዘው በጥር 1817 ኬፕታውን ደረሱ። ሜሪ ግን ሐሳባቸውን አልለወጡም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈቃድ አግኝተው ባሕር ተሻግረው መጡና በታኅሣሥ 1819 እዚያው ኬፕታውን ተጋቡ።

ከሠርጉ በኋላ ሁለቱ በበሬ በሚሳብ ሠረገላ ወደ ሰሜን ተጓዙ። የደረሱትም በኩሩማን ወንዝ አጠገብ፥ ከትስዋና ሕዝብ ወገን የሆኑት ባትላፒንግ በሚኖሩበት አገር ነው። የሕዝቡ አለቃ በዚያ ጊዜ ሞቲቢ ይባል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ከባድ ነበሩ። የአገሩ ሰዎች እንግዳውን ቤት ለማየት ሳይጠሩ እየገቡ ወጥ ቤቱን ይሞሉት ነበር። ገላቸውን በቀይ አፈርና በቅባት ይቀቡ ስለ ነበረ የነኩት ዕቃ ሁሉ ይቀላል፤ ወይዘሮ ሞፋትም ውጡልኝ ቢሉ ጠብ ይነሣል። መሣሪያና በግ ይሰረቃል። ሞፋት ለአትክልታቸው ብለው በቦይ ያመጡትን ውሃ፥ የመንደሩ ሴቶች ወደ እርሻቸው ይመልሱት ስለ ነበረ፥ ሌሊት አካፋ ይዘው የሚወጡበት ጊዜ ብዙ ነው። በእውነቱ ከሆነ በደረቅ አገር ውሃ ለማንም የሚተው ነገር ስላልሆነ በሴቶቹ ልንፈርድ አንችልም።

ዝናብ በጠፋ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የሚሲዮናውያኑ ነው ተባለ። አንድ ቀንም ከሹማምንቱ አንዱ ጦር ይዞ፥ ሌሎችን አስከትሎ መጣና አገሩን ለቀው እንዲሄዱ አስታወቃቸው። ወይዘሮ ሞፋት ሕፃን ልጃቸውን ታቅፈው በደጃፉ ቆመው ያዩ ነበር። ሞፋትም ደረታቸውን ገልጠው፥ ሊገድሉአቸው ቢፈልጉ እንዲወጉአቸው፥ በሕይወት ሳሉ ግን እንደማይሄዱ ነገሩአቸው። ሰዎቹም ሞትን እንዲህ የማይፈራ ሰው ምን ይደረጋል በማለት ተደንቀው ተመለሱ።

ሆኖም እንግዳ በአገር የሚኖረው በጀግንነት ብቻ አይደለም። በዚያ አገር የቤት ወለል በእበት ይለቀለቃል። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም፤ ወይዘሮ ሞፋት ግን መጀመሪያ ይህን የመሰለ ቈሻሻ ሥራ በቤቴ አላደርግም ብለው ነበር። ጥቂት ከቈዩ በኋላ አቧራውን እንደሚያስቀርና ቁንጫውን እንደሚገድል ባዩ ጊዜ፥ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚለቀለቅበትን ቅዳሜን በናፍቆት እስከ መጠበቅ ደረሱ። ይህንንም ለወላጆቻቸው በደብዳቤ ገልጠውላቸዋል። የአገሩን ሴቶች ሊያስተምሩ የመጡት እመቤት ከአገሩ ሴቶች ተማሩ ማለት ነው።

ባለቤታቸውም የሚማሩት ነገር ነበራቸው። ሞፋት ብዙ ዓመት ያስተማሩት የሆላንድን ቋንቋ በሚያውቅ አስተርጓሚ አማካይነት ነው። አንድ ጊዜ የነፍስ መዳን እጅግ ታላቅ ጉዳይ መሆኑን ሲናገሩ፥ አስተርጓሚው የነፍስ መዳን እጅግ ትልቅ ጆንያ ነው ብሎ ለሕዝቡ አስረዳ። በሆላንድ ቋንቋ ጉዳይ ማለትና ጆንያ ማለት ድምፃቸው ስለሚቀራረብ ነው። ታሪኩ ያስቃል፤ ነገር ግን ስንት ዓመት የደከሙበት ቃል ሰሚው ዘንድ ሳይደርስ መቅረቱን ስናስብ ያሳዝናል።

ስለዚህ ሞፋት በ1827 ቤታቸውን ትተው ወደ ባሮሎንግ መንደር ሄዱና ሁለት ወር ያህል ከሕዝቡ ጋር እየበሉና እያደሩ የሴትስዋናን ቋንቋ አጠኑ። ቤቱንና ሕፃናቱን የጠበቁት ወይዘሮ ሞፋት ናቸው። ፍሬውም ቶሎ ታየ። በ1829 የመጀመሪያዎቹ የአገሩ ሰዎች ተጠመቁ። በ1830 የሉቃስ ወንጌል በሴትስዋና ኬፕታውን ታተመ፤ በሚመጣውም ዓመት የማተሚያ መኪና ኩሩማን ገባ። በ1838 ዛሬም የቆመው ትልቁ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1857 ተተርጕሞ አለቀ።

ሞፋት ጉድለት አልነበረባቸውም አንልም። በ1842 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ሕዝብ ምንም ሃይማኖት የለውም ብለው ጽፈዋል። ነገር ግን በትርጉማቸው የእግዚአብሔር ስም አድርገው ያገቡት ሞዲሞ የሚለው ቃል ራሱ ከሕዝቡ አፍ የተገኘ ነው። ቋንቋውን የተማረ ሰው እንኳ የሕዝቡን ልብ ሁሉ እንዳልሰማ ከዚህ እንረዳለን።

ሁለቱ ባልና ሚስት አሥር ልጆች ወለዱ፤ በሕፃንነት የሞቱባቸውም ነበሩ። በ1821 የተወለዱት የመጀመሪያዋ ልጃቸው ሜሪ በ1845 ሊቪንግስቶንን አገቡ። ወላጆቹ ሃምሳ ዓመት ከቆዩ በኋላ በ1870 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ወይዘሮ ሞፋት ወዲያው በ1871 ዐረፉ፤ ሮበርት ሞፋትም በ1883 ተከተሉአቸው።

ከእኛም መካከል ነገ መምህር ወይም ሐኪም ሆኖ ቋንቋውን ወደማያውቀው የአገራችን ክፍል፥ ወይም ወደ ባዕድ አገር የሚሄድ ይኖራል። በዚያን ጊዜ የሞፋትን ጆንያና የወይዘሮ ሞፋትን ቅዳሜ ያስታውስ። ሰውን ለማስተማር የሚሄድ ሁሉ አስቀድሞ በዚያ ሰው ቤት ተማሪ ሊሆን ይገባዋል እንላለን።