ቻርልስ ፒተርሰን

ቻርልስ ፒተርሰን (በላትቪያኛ ካርሊስ ፔተርሶንስ፣ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1919) በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን የኖረ ፒፓ ሠሪ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በፒፓ ውስጥ የሚጠራቀመውን እርጥበት ከጭሱ የሚለይ «ሲስተም» የተባለ ፒፓ በመፈልሰፉ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

ፒተርሰን የተወለደው በላትቪያ ሲሆን አገሪቱ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ነበረች። በ1870ዎቹ አገሩን ትቶ ደብሊን ገባ። በዚያ ከተማ፣ በግራፍተን መንገድ፣ ከጀርመን ኑረምበርግ የመጡት ወንድማማቾች ፍሬድሪክና ሃይንሪክ ካፕ የፒፓ ሱቅ ነበራቸው። ፒተርሰን የእጅ ባለሙያ ስለነበረ ከእነርሱ ጋር መሥራት ጀመረ። በኋላም ሸሪክ ሆነና ድርጅቱ «ካፕና ፒተርሰን» ተባለ። መጤው ሠራተኛ ስሙ ከባለሱቆቹ ስም ጎን ሊጻፍ የበቃው በአንድ ፈጠራ ምክንያት ነው።

የእርጥበት ችግር

ትምባሆ ደረቅ ቢመስልም በውስጡ ውሃ አለው። ሲነድም ተጨማሪ እንፋሎት ይወጣዋል። ይህ እንፋሎት ቀዝቀዝ ወዳለው የፒፓው አንገት ሲደርስ ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ የአጫሹም ምራቅ ይጨመርበታል። ጠብታው የጭሱን መንገድ ሲዘጋው ፒፓው ይንቦጫቦጫል፣ ትምባሆው ከሥሩ ይርሳል፣ መራራ ፈሳሽም ወደ አፍ ይመጣል። እንፋሎት የበዛበት ጭስ ምላስንም ያቃጥላል። በኢትዮጵያ በሚታወቀው ጋያ ጭሱ ሆን ተብሎ በውሃ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። በፒፓ ግን ውሃው ሳይፈለግ የሚመጣ ነው።

ፈጠራው

ፒተርሰን እርጥበቱ እንዳይፈጠር ማድረግ እንደማይቻል ተቀብሎ፣ የሚያርፍበት ቦታ አዘጋጀለት። በ1890 የፈጠራ መብት ባገኘበት ፒፓ አንገት ውስጥ፣ ከጭሱ መተላለፊያ ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ ጉድጓድ ተቦርቡሯል። ጭሱ ከጠባቡ ቀዳዳ ወጥቶ ወደዚህ ሰፊ ቦታ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ይቀዘቅዛል። ጠብታው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ የደረቀው ጭስ ደግሞ ወደ አፍ መያዣው ይወጣል። የአፍ መያዣው ቀዳዳ ከታች ሰፍቶ ወደ አፍ እየጠበበ ይሄዳል።

በ1898 ደግሞ ለአፍ መያዣው ጫፍ ሌላ የፈጠራ መብት አገኘ። በተለመደው ፒፓ ጭሱ በቀጥታ ምላስ ላይ ይወጣል። በፒተርሰን ፒፓ ግን ቀዳዳው ከጫፉ በላይ በኩል ስለሆነ ጭሱ ወደ ላንቃ ያመራል።

ጉድጓዱ ራሱን አያጸዳም። ካጨሱ በኋላ አፍ መያዣውን ነቅሎ ፈሳሹን ማፍሰስና በወረቀት ወይም በጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ይሸታል። በአንገቱ ጫፍ ላይ የሚገባው የብር ወይም የኒኬል ቀለበት እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ይከላከላል።

ፒፓው የሚሠራበት እንጨት የሚገኘው በሜዲትራኒያን አካባቢ ከሚበቅል ተክል ሥር ላይ ካለው እብጠት ነው። ተክሉ በሰሜን ተራሮች «አስታ» እየተባለ የሚጠራው ነው። ይህ እንጨት እሳትን ይቋቋማል፤ ጥቂት እርጥበትም ይመጣል። ስለዚህ አንድን ፒፓ ሳያሳርፉ ደጋግሞ ማጨስ እንጨቱን ያረጥበዋል።

ጤና

የፒተርሰን ፈጠራ የቀነሰው እርጥበቱን እንጂ ጉዳቱን አይደለም። ደረቅና ቀዝቃዛ ጭስም ቢሆን ኒኮቲንና ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገሮች አሉት። ፒፓ ማጨስ የከንፈር፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያስከትላል።

ቅርስ

ፒተርሰን በ1919 ሞተ። ከጊዜ በኋላ የካፕ ስም ከምርቱ ላይ ሲጠፋ የፒተርሰን ስም ቀረ። ድርጅቱ ምሥረታውን ከ1865 ይቆጥራል። በ2018 በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ቢገዛም ፒፓዎቹ ዛሬም በደብሊን አካባቢ ይሠራሉ፤ የ1890ው ጉድጓድም በሲስተም ፒፓዎች ውስጥ አሁንም አለ።