የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾና የአንድራቻ ግቢ

ጎንደር የሄደ መንገደኛ የነገሥታቱን ግንብ አይቶ ይመለሳል። ያው መንገደኛ ወደ እኛ አገር መጥቶ ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ደን ቢወርድ፣ የዱር ቡናውን አይቶ ሲያበቃ የከፋ ነገሥታት ቤት ወዴት ነው ብሎ ቢጠይቀን ምን እናሳየዋለን? እኛ ተማሪዎች ይህን አስበን የንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን።

ጋኪ ሸሮቾ የንጉሥ ጋሊ ሸሮቾ ልጅ ሲሆኑ፣ ትውልዳቸው ሚንጆ ከተባለው የነገሥታት ጎሣ ነው። በ1882 ዓ.ም. በአባታቸው ዙፋን ተቀምጠው ታቶ ተባሉ፤ ይኸውም በአገሩ ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነው። ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎችም ነበሯቸው።

ከዋነኞቹ ግቢዎቻቸው አንዱ ከቦንጋ ብዙ የማይርቀው አንድራቻ ነበር። ቤቱ የቆመው በድንጋይና በኖራ ሳይሆን በታላላቅ የእንጨት ምሰሶዎች ነው። የአገሩ ቅጥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለው ደን፣ የጎጀብ ወንዝና በየድንበሩ የተቆፈረው ጥልቅ ጉድባ ነበር።

በ1889 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ዘመተ፤ የጅማው አባ ጅፋርም ጦር አብሮ ነበር። ከፋዎች ጠመንጃቸው እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ በጦርና በጋሻ ተከላከሉ። አንድራቻ ጠፋ። ንጉሡ ግን እጃቸውን አልሰጡም፤ ደኑን ግቢ አድርገው ለወራት ተሸሸጉ፤ በመጨረሻም በመስከረም 1890 ዓ.ም. ተያዙ።

በብር ሰንሰለት ታስረው ጎጀብን ሲሻገሩ የወርቅ ቀለበታቸውን ከወንዙ ጣሉት እየተባለ ይተረካል። ከእንግዲህ በከፋ ንጉሥ አይኖርም ማለታቸው ነው ብለው አዛውንቶች ይተረጕሙታል። ስለ ዘውዱም ሌላ ወሬ አለ፤ ዘውዱ ከአገር እስካልወጣ ድረስ መንግሥቱ አይጠፋም ተብሎ ይታመን ነበር። ዘውዱም የዐፄ ምኒልክ አማካሪ በነበሩት በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ እጅ እስከ አውሮፓ ሄዶ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ንጉሡ ግን ከ20 ዓመት በላይ በግዞት ኖረው፣ አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ዐረፉ።

በ1897 ዓ.ም. ፍሪድሪክ ቢበር የተባሉ ኦስትሪያዊ ወደ ከፋ መጥተው ከሽማግሌዎች የሰሙትን ሁሉ ጻፉ፤ በሁለት ቅጽም አሳተሙት። የሩቅ አገር ሰው ይህን ያህል ከደከመ፣ እኛ የአገሩ ልጆች ምን ያህል ልንደክም ይገባናል!

እንግዲህ ለመንገደኛው የምናሳየው ግንብ የለንም። እንጨት ይቃጠላል፤ ይበሰብሳል። ነገር ግን ጉድባውን በአፈር ከመሞላት፣ ደኑን ከምሳር፣ የሽማግሌዎችን ቃል ከመረሳት ብናድን የጋኪ ሸሮቾ ግቢ ፈጽሞ አልፈረሰም። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በዕረፍት ጊዜያችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም በደብተር ጻፉ።